ሐኪም አዞኝ ነው

ቦሌና አካባቢዋ ሰው ሲሮጥ ከታየ ምክንያት ይፈለግለታል። ታክሲ ሊያመልጠው ነው፣ ስልኩን ነጥቀውት ነው፣ አለዚያም ራሱ ነጥቆ ነው። ዝናብ ከጣለ ጥያቄም የለ፤ ሥራ አስኪያጁም ሎተሪ አዟሪውም አንድ ላይ ይሮጣሉ። ሰማዩ ጠርቶ፣ አባራሪም ተባራሪም በሌለበት የሚሮጥ ሰው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አትሌት። አትሌት ከሆነ ደግሞ ቀጭን ነው። የኔ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ማሊያዬን ወጥሮ የያዘውን ሆድ ያየ ሰው አትሌትነቴን ወዲያው ይሰርዘዋል። ከዚያ ወደ ታክሲው ሐሳብ ይመለሳል። ከገርጂ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በሚወስደው መንገድ ዳር በማለዳ ዱብ ዱብ ስል፣ ከኋላዬ አንድ ሚኒባስ ፍጥነቱን ቀንሶ ጎን ለጎን ይሄድ ጀመር። ወያላው ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቷል።

«ግባ ግባ፣ አንድ ሰው!»

እጄን አወዛውዤ አልፈልግም አልኩት።

«ኧረ ግባ፣ ይጠጋሉ! ጠጋ በሉለት እስቲ!»

ተሳፋሪው ተጠጋ። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ዘንቢላቸውን ከወንበሩ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉልኝ። እንዲህ ላለ ደግነት «ስፖርት እየሠራሁ ነው» ብሎ መመለስ ነውር ይመስላል፤ ቢሆንም አልኩ። ወያላው ከላይ እስከ ታች አየኝና ወደ ሾፌሩ ዞሮ «ሳበው፣ ስፖርት ነው አሉ» አለው። «አሉ» የምትለዋ ቃል እስከ መድኃኔዓለም ድረስ አብራኝ ሮጠች።

እሑድ እሑድ ረጅሙን ሩጫ የምሮጠው ከሰሚት ተነስቼ፣ በሲኤምሲ ሚካኤል በኩል ወደ አያትና ወደ ለገጣፎ ነው። አስቀድሰው የሚመለሱ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው በዚያው መንገድ ይመጣሉ። አንዲት አዛውንት ቆም ብለው ትንሽ አስተዋሉኝና «የኔ ልጅ፣ ስለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ የሚሆን ትንፋሽ ስላልነበረኝ ራሴን ነቀነቅሁ። «ይስማህ፣ ይስማህ» ብለው አማተቡልኝ። ምርቃት እንደ ውኃ እግር ውስጥ የሚገባ ነገር መሆኑን ያን ዕለት አየሁ፤ እስከ አያት አደባባይ ቀለለኝ።

ሰው ሁሉ ያለ ክርክር የሚቀበለው መልስ የተገኘው ግን በገዛ ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ ነው። ጥበቃው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቀስቅሼው በሩን በከፈተ ቁጥር ያጉረመርም ነበር። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ሰው በዚህ ብርድ ከአልጋው ይወጣል?» ይለኛል። ማራቶን ልሮጥ ነው ብለው ሳቀ። ለጤናዬ ነው ብለው «ጤና እንቅልፍ ነው» አለኝ። በመጨረሻ «ሐኪም አዞኝ ነው» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «እግዜር ይማርዎት» አለና በሩን ለመኪና እንደሚከፍተው ወለል አድርጎ ከፈተልኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ ሳልደርስ በሩ ይከፈታል። በእኛ ዘንድ ሰው በገዛ ፈቃዱ ራሱን ሲያሠቃይ ቅብጠት ነው፤ ታዞ ሲሆን ይታዘንለታል።

ወሬው ግን በደረጃው ከኔ ቀድሞ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሦስት ጎረቤቶች ብርቱካንና የታሸገ ጭማቂ በፌስታል ይዘው ቆመዋል። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ወለሉን እያዩ ትንሽ ዝም አሉ። «ስኳር ነው ወይስ ግፊት?» አሉኝ አንዷ እትዬ። ምንም እንዳልሆንኩ ብነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የታመመ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ከዚያ ምንም አልሆንኩም ሲሉ ሲሉ ስላለፉ ዘመዶች ተጫወትን። አብሯቸው የመጣው የእድራችን ጸሐፊ ግን እስከ መጨረሻው ቃል አልተነፈሰም ነበር። በር ላይ ሲደርስ ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «የወርኃዊ መዋጮህ ውዝፍ እንዳይኖርበት ብቻ» አለኝ።

ከሐኪሙ ቀጥሎ ዕረፍት የነሳኝ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው ነበር የሮጠው፤ አንደኛ የወጣውም ራሱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ዛሬ ተሳታፊው ከ40,000 በላይ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሩጫ የሚሮጠው ትንሹ ክፍል ሲሆን ሌላው ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ውኃ ይራጫል፣ ፎቶ ይነሳል። ካናቴራው ዓመቱን ሙሉ ይለበሳል። በዚህ መሐል 10 ኪሎ ሜትሯን ላቤን አፍስሼ ጨርሼ ሰኞ ቢሮ ስገባ፣ ሒሳብ ክፍል ያለው ባልደረባዬ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ስንተኛ ወጣህ?» አለኝ። ሃያ ምናምን ሺህኛ ነኝ። ቁጥሩን ለመጥራት እንኳ ምላስ ይተሳሰራል።

ባልደረባዬን አልቀየምም። አገሩ ነው እንዲህ ያስለመደን። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ለአዲስ ዓመት ስጦታ የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ የተበረከተለት ሕዝብ ከዚያ በኋላ በትንሽ ነገር እንዲደሰት መጠበቅ ይከብዳል። ቶኪዮ ላይ ደገመ፤ ሜክሲኮ ላይ ማሞ ወልዴ ተረከበ። ከዚያማ ፋጡማ ሮባ አትላንታ፣ ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ፣ ቲኪ ገላና ለንደን። ለእኛ ብር የሚያስተዛዝን ነገር ነው፤ ነሐስ ደግሞ «ምን ነካው?» የሚያሰኝ።

መስከረም 2012 ዓ.ም. ቀነኒሳ በቀለ በርሊን ላይ 2:01:41 ሲገባ ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ነበርኩ። በታሪክ ሁለተኛው ፈጣን ሰዓት ነበር፤ ከክብረ ወሰኑ 2 ሰከንድ ብቻ ዘገየ። ካፌው ውስጥ ለቅሶ የተቀመጥን መሰለ። ከጎኔ ያለ ሰውዬ ጠረጴዛውን በጥፊ እየመታ «ሁለት ሰከንድ! ሁለት ሰከንድ ምን ነበረበት?» ይላል። ይህ ሰው ማኪያቶው ከመጣ ጀምሮ ስኳሩን እያማሰለ ነው፤ ገና አልቀመሰውም። ያው ቀነኒሳ በ42 ዓመቱ ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ 2:12:24 ሮጦ 39ኛ ሲወጣ ደግሞ ብዙ ሰው በትሕትና ጸጥ አለ። እኔ ግን በልቤ እልል አልኩ። ቀነኒሳም ሠላሳ ዘጠነኛ ይወጣል!

በዚያው ፓሪስ ታምራት ቶላ ወርቁን ወሰደ፤ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በ2:06:26፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ታምራት ተጠባባቂ ነበር፤ የገባው ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ነው። ጥበቃችን ይህችን ታሪክ ለኔ ማበረታቻ አድርጎ ያዛት። «ጋሼ፣ ታምራትም ተጠባባቂ ነበር» ይለኛል በየማለዳው። እኔ ማን እስኪጎዳ እንደምጠባበቅ ግን እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት። ሌላም ጊዜ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። እንቁላሉ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ተረቱ አይናገርም።

በዚህ አገር ሁሉም ሰው አሠልጣኝ ነው። ቦሌ ርዋንዳ አካባቢ ስኒከሬን የማስጠርግበት ሊስትሮ ጫማውን ከግራ ቀኝ አገላብጦ ስንት እንደገዛሁት ጠየቀኝ። ግማሹን ቀንሼ ነገርኩት፤ እሱም አልዋጥልህ አለው። «አበበ ቢቂላ እኮ በባዶ እግሩ ነው ያሸነፈው» አለኝ፣ ሶሉን በጥርስ ብሩሽ እየፈተገ። ሰው ሁሉ እንደ አበበ ቢሮጥ እሱ ምን እንደሚጠርግ አላሰበበትም።

የአበበን ባዶ እግር የማይጠቅስልኝ ሰው የለም። አበበ ግን ሮም ላይ ጫማውን የተወው የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተስማማው ነው። ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ከ2:15:16 ወደ 2:12:11 ወረደ። ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ። ይህን ሁሉ ለሊስትሮው አስረዳሁት። ሰምቶ ሲያበቃ «ታዲያ በባዶ እግሩ ቢሆንማ የት በደረሰ!» አለኝ።

እውነተኞቹን ሯጮች ማየት የፈለገ ሲኤምሲ መንገድ ላይ ጎህ ሳይቀድ ይውጣ። ኮፍያቸውን ግንባራቸው ድረስ ስበው፣ እጃቸውን ቱታቸው ኪስ ውስጥ ከተው፣ ሰርቪስ ይጠብቃሉ። በአስፋልት ሩጫ ቀን ሰንዳፋ፣ ሌላ ቀን ሱሉልታ ወይም እንጦጦ፣ ወይም ዝቅ ብሎ አቃቂ። ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ኮተቤና ለገጣፎ አካባቢ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት የተከራዩ ልጆች ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ በጣም ቀርፋፋ ናቸው። አይንቀዠቀዡም፤ ደረጃ ሲወጡ እንኳ እንደ ሽማግሌ ነው። ጉልበት ገንዘብ የሆነለት ሰው እንዲሁ አይበትነውም።

አንድ ማለዳ ሦስት ሴት ልጆች ሰርቪሱ ቀርቶባቸው በአያት በኩል ራሳቸው ሲነሱ፣ በጣም ዝግ ያለ ሩጫቸውን አይቼ ልቤ አበጠና ተከተልኳቸው። እነሱ ያወራሉ። አከራያቸው ኪራይ ጨምራለች፤ ውኃም በየተራ ነው የምትለቅላቸው፤ አንደኛዋ ቤት ልትለቅ ትፈልጋለች፣ ሌላኛዋ ትመክራታለች። እኔ ከኋላ ሆኜ ስለ ኪራይ የምለው ነገር ሞልቶኝ ሳለ አንዲት ቃል ማውጣት አልቻልኩም። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሙ። ደረስኩባቸው፤ ኩራት ተሰማኝ። ያን ጊዜ ቱታቸውን አውልቀው ወገባቸው ላይ አሰሩና አንዷ «በሉ፣ ተሟሙቀናል፤ እንጀምር» አለች።

ከመሄዳቸው በፊት ታናሺቱ አዘነችልኝ መሰል ጠጋ ብላ አነጋገረችኝ።

«ጋሼ፣ ክለብህ የትኛው ነው?»

«ክለብ የለኝም።»

«ማናጀርስ?»

«የለኝም።»

«ሰዓትህ ስንት ነው?»

«ገና አልተያዘልኝም።»

ከልቧ ነው የተጨነቀችው። «ማናጀር ቶሎ ፈልግ እንጂ» አለችኝ። «ዕድሜህ እየሄደ ነው። ማናጀር ከሌለህ ውጪ አይወስዱህም።» ለመዝናናት እሮጣለሁ ብላት ምን ትለኛለች? ለእሷ ይህ እርሻ ነው፣ የወንድሞቿ ደብተር ነው፣ የአባቷ ቆርቆሮ ቤት ነው። ሰው ለመዝናናት ማሳ ሲያርስ አይታ አታውቅም።

ቢሆንም በእኔና በእውነተኞቹ ሯጮች መካከል ያለውን ትክክለኛውን ርቀት ራሴ ካልለካሁት አላምንም ብዬ አንድ ቀን የግቢያችንን ልጆች ሰበሰብኩ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቀነኒሳ በርሊን ላይ እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር በአማካይ 2 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጧል። በመቶ ሜትር ሲመነዘር 17.3 ሰከንድ ነው። መቶ ሜትር ብቻ በቀነኒሳ ፍጥነት መሮጥ ያቅተኛል? ልጆቹ በብሎክ 14 እና በውኃ ታንከሩ መካከል ያለውን ርቀት በርምጃም በስልክም ለኩ፤ ለእግር ኳስ ጎል ያቆሙትን ድንጋይ ማብቂያ አደረጉልኝ። በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች ሥራቸውን አቆሙ። «በቦታህ! ተዘጋጅ!» አለ የስምንት ዓመቱ ዳኛ።

በረርኩ። ሰማይና ምድሩ ተደባለቀብኝ። ድንጋዩን አልፌ የአንድ ሰው መኪና ላይ ተደግፌ ቀረሁ።

«ሃያ አንድ!» አለ ዳኛው። ከበረንዳ ጭብጨባ መጣ። ቀጥሎ ልጁ ስልኩ ላይ ያለውን ማስያ ከፍቶ 42,195ን ለመቶ አካፈለና፣ ምንም ተንኮል በሌለው ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ቀነኒሳ ይቺን ከአራት መቶ ሃያ አንድ ጊዜ በላይ ነው ሳያርፍ የሚሮጣት» አለኝ። በዚያ ቀን ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ኮንዶሚኒየማችን አሳንሰር የለውም።

ልምምድ ለማድረግ ቦሌ ከድሮው ይሻላል። የኮሪደር ልማቱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አምጥቷል፤ የብስክሌት መንገዱም አለ። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ቀን ደግሞ የቦሌ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ከመስቀል አደባባይ መለስ ለሕፃናትና ለማስ ስፖርት ይለቀቃል፤ ኃይሌ ባሠራው ዓለም ሕንፃ ሥር ማለፍ ራሱ ወኔ ይሰጣል። አመሻሽ ላይ ግን አዲሱ መንገድ የፎቶ ስቱዲዮ ነው። መብራቱ ሥር ሰው ሁሉ ቆሞ ይነሳል። ለመሮጥ ሳይሆን ለመጎንበስ ሠለጠንኩ፤ በየሃያው ሜትር በጥንዶችና በስልካቸው መካከል ዝቅ ብሎ ማለፍ አለ። በስንት ሰው ማስታወሻ ውስጥ ላቤን እያፈሰስኩ እንደምኖር እግዜር ይወቀው።

ይህ ሁሉ ልምምድ ለማራቶን ነው፤ የመረጥኩትም ዱባይን ነበር። ሜዳ ነው፣ ከባሕር ጠርዝ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። ከዚህ የወረደ ሳንባ እዚያ ይንደላቀቃል ተባልኩ። ከፍታው ሳንባን እንጂ ሆድን እንደማይመለከት የነገረኝ አልነበረም። ከዚያም በላይ ዱባይ የኛ ሰፈር ነች። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2009 እና በ2010 ተከታትሎ አሸንፎባታል፤ ፀጋዬ መኮንን እ.ኤ.አ. በ2014 ገና በ18 ዓመቱ 2:04:32 ገብቶባታል፤ ታምራት ቶላም ከፓሪሱ ወርቅ ሰባት ዓመት በፊት እዚያው 2:04:11 ሮጧል። አገር ቤት እንደመሮጥ ቆጠርኩት።

ያልቆጠርኩት የቀን መቁጠሪያውን ነው። የዱባይ ማራቶን ብዙ ጊዜ የሚሮጠው በጥር ነው። በጾሙ ወራት ሽሮና በሶዬን እየበላሁ ደህና ቀልዬ ነበር። ከዚያ ገና መጣ። ከገና በኋላ ጥምቀት። በጥምቀት ግራና ቀኝ ሠርግ፤ ጥር ውስጥ የማያገባ ዘመድ የለኝም። አንዱ ሠርግ ላይ ጥሬ ሥጋው አጠገብ ቆሜ ውኃ ስጠጣ አጎቴ አዩኝ። ማራቶን፣ አመጋገብ፣ ምናምን እያልኩ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ረጅም ሰዓት አዳመጡኝና ቢላውን እጄ ላይ አስቀመጡ። «አበበ ቢቂላ ምን በልቶ የሮጠ ይመስልሃል?» አሉኝ። አበበን ማንም በፈለገው በኩል ይጠራዋል።

ለእናቴ ዱባይ ለሥራ እሄዳለሁ አልኳት። ሥራ አይደለም እንዳይባል ከአውሮፕላን ትኬቱ ጀምሮ መመዝገቢያው፣ ቪዛው፣ ማደሪያው ተደምሮ የወራት የቤት ኪራይ ሆኗል፤ ይህን ያህል ገንዘብ ለሌላ ነገር ወጣ ቢባል ማን ያምናል? እሷም ለመንገድ በሶና ቆሎ ቋጥራ፣ «አለቆችህ ደግ ሰዎች ናቸው፣ በአውሮፕላን የሚልኩህ» ብላ መረቀችኝ፤ እነሱንም አብራ።

ገና መነሻው መስመር ላይ ጣጣ ያመጣብኝ አረንጓዴው ማሊያ ነው። ደረቱ ላይ በትልቁ ኢትዮጵያ የሚል በላቲን ፊደል ተጽፎበታል። የኋለኞቹ መካከል ቆሜ ሳለሁ አንድ ሕንዳዊ ጎልማሳ ማሊያዬን አነበበና በጣም ተደናግጦ ቦታ ተሳስተሃል፣ ያንተ ሰዎች ፊት ናቸው አለኝ። እዚሁ ይሻለኛል ብለው ትሕትና መሰለው። አብረን ፎቶ ተነሳን። ሩጫው ሲጀመር እሱና ጓደኞቹ ከኋላዬ ተሰለፉ፤ አሯሯጭ አግኝተዋላ! አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ትንፋሻቸውን ጀርባዬ ላይ ሰማሁ። ከዚያ አንድ በአንድ እየዞሩ፣ ነገሩ ስላልገባቸው ፊቴን እያዩ አለፉኝ። ጎልማሳው መጨረሻ ሆኖ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጉዳት የደረሰብኝ መስሎታል።

መንገዱ ሄዶ የሚመለስ ስለሆነ መሪዎቹ በፊት ለፊቴ መጡ። መጀመሪያ ሞተር ብስክሌት፣ ቀጥሎ ሰዓት የተሸከመ መኪና፣ ከዚያ እነሱ። ድምፅ የላቸውም። ከሲኤምሲ ሰርቪስ ጠባቂዎች ጋር አንድ ዓይነት ፊት ነው ያላቸው፤ ኮፍያው ብቻ የለም። «በርቱ! አይዟችሁ! ጎበዝ!» ብዬ ጮህኩ። አንደኛው በግማሽ ዓይኑ አየኝ፤ አማርኛ ከየት እንደመጣ ፈልጎ መሆን አለበት። ሲያልፉ ነፋሳቸው ማሊያዬን ነካው። ከሠላሳኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ያለውን አልተርከውም። ስለዚያ የማስታውሰው አንድ የቆሻሻ በርሜልና በርሜሉን ለመድረስ ያደረግሁትን ጥረት ብቻ ነው።

ወደ መጨረሻው ግድም ከበሮ ሰማሁ። የኛ ልጆች ናቸው፤ የዱባይ ማራቶን ያለ እነሱ አይሮጥም። ዕረፍት አግኝተው የወጡ፣ ባንዲራ የለበሱ፣ አሸናፊዎቹን ተቀብለው ሲዘፍኑ ቆይተው ሊበተኑ የደረሱ። አንዷ ማሊያዬን አየችና ከመካከላቸው ወጥታ በነጠላ ጫማዋ ጎን ለጎን መሮጥ ጀመረች። በአንድ እጇ ስልክ ይዛለች፤ ቪዲዮ ላይ እናቷ አሉ፣ ከሐይቅ ከተማ። ከስልኩ የሚታየው የነጠላ ጠርዝ፣ ግማሽ ግንባርና የቤቱ ኮርኒስ ነው።

«አበሻ ነህ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አሞህ ነው?»

«አይ፣ እንዲሁ ነኝ።»

«የኛዎቹ እኮ ጨርሰው፣ ተሸልመው ሄዱ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አንተን ስንት ይሰጡሃል?»

«ሜዳልያ።»

«ወርቅ ነው?»

«አይደለም።»

ጥቂት ርምጃ ዝም አለች። ነጠላ ጫማዋ ጠፍ ጠፍ ይላል፤ ትንፋሿ ፈጽሞ አልተለወጠም።

«ትኬቱን ማን ቆረጠልህ?»

«ራሴ።»

«መመዝገቢያውንስ?»

«ራሴ ነኝ የከፈልኩት።»

ቆመች። እሷ ቆማ እኔ ስሮጥ ብዙም አልራቅኋትም፤ በሁለት ዝላይ ደረሰችብኝ።

«እማዬ፣ ከፍሎ ነው አሉ የሚሮጠው!»

«ምን አደረገ?» አለ ግንባሩ።

«ከፈለ! ለመሮጥ!»

ኔትወርኩ ቆየት አለ። ኮርኒሱ ዞረ፣ ግንባሩ ጠፍቶ አንድ ዓይን መጣ፣ ዓይኑም በደንብ አስተዋለኝ።

«እናቱስ ታውቃለች?» አሉ።

ፍጥነቴን ጨመርኩ።